የዙበይር ዕዳ



ረመዳን ሲገባ መስጊድ በር ላይ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ይለወጣሉ። በሌላው ጊዜ ስለ ኒካሕና ስለ ውዱእ የሚጠይቀኝ ጀመዓ በዚህ ወር ስለ ገንዘብ ይጠይቀኛል። ዘካውን ለማውጣት ሲቀመጥ ያለው ሁሉ ፊቱ ይደረደራልና። አንዱ ወንድሙ ዘንድ ስላስቀመጠው ብር፣ ሌላው ለትርፍ ብሎ ስለገዛው መሬት፣ ሌላዋ ከዐረብ አገር ልካ ዘመድ ስለነገደበት ገንዘብ ያነሳሉ። እኔም በሁለት ቃል መልሼ አልፋለሁ፤ መግሪብ ደርሷል፣ ሰው ለኢፍጧር ይቸኩላል። ዛሬ ግን ቦታው ሰፋ ስላለ፣ ገንዘባቸውን በዲን ሚዛን ያንቀሳቀሱ የአንድ ታላቅ ሶሓባ ታሪክ ላውጋችሁ። እሳቸውም ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ናቸው።

ብዙዎቻችን ዙበይርን የምናውቃቸው በሰይፋቸው ነው። በሕይወት ሳሉ በጀነት ከተበሠሩት ዐሥሩ አንዱ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዋሪይ፣ በበድርም በኡሑድም የነበሩ ጀግና። እኔ ግን ወጣት ሆኜ ኪታብ ስቀራ ከሶሒሕ አል ቡኻሪ የሰማሁትና እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ታሪካቸው ስለ ሰይፋቸው አይደለም። ስለ ዕዳቸው ነው።

ዙበይር የተወለዱት ከተከበረ ቤት ነው። እናታቸው ሶፊያ የዐብዱል ሙጦሊብ ልጅ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አክስት ናቸው። አባታቸው ዐዋም ደግሞ የእናታችን የኸዲጃ ወንድም ነበሩ። ይሁንና አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ፤ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው፤ ያውም በጭካኔ። ዘመድ እስኪቆጣ ድረስ ይገርፏቸው እንደነበር ይነገራል፤ ሶፊያ ግን ልጃቸው ጠንካራ ሰው እንዲሆንላቸው ነበር የሚሹት። ዙበይር እስልምናን ሲቀበሉ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ።

ከዚያም የመካ ሰዎች ግፍ ሲበዛ፣ በ615 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ሆኑ። እዚህ ያደረጉትን እናታችን ኡሙ ሰለማ ተርከውታል። በነጃሺ ላይ አንድ ተቀናቃኝ ተነሳ። ሙስሊሞቹ ተጨነቁ፤ ሌላ ንጉሥ ቢመጣ ነጃሺ ያወቀላቸውን ሐቅ ላያውቅላቸው ነው። ጦርነቱ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ዘገባው ወንዙን ዓባይ ይለዋል። ማን ተሻግሮ ወሬ ያምጣ ሲባል በዕድሜ ከሁሉም ያነሱት ዙበይር ተነሱ። አቁማዳ በአየር ተነፋላቸው፣ ደረታቸው ሥር አደረጉት፣ ዋኝተው ተሻገሩ። ነጃሺ ድል ሲያደርግ ልብሳቸውን እያውለበለቡ እየሮጡ ተመለሱ። ሙስሊሞቹ በዚያ ቀን እንደተደሰቱት ተደስተው እንደማያውቁ ኡሙ ሰለማ ይናገራሉ። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፤ የአገራቸው ታሪክ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዙበይር ሀብታም ሆነው አልጀመሩም። የአቡበክር ልጅ አስማእ ሲያገቧቸው ዙበይር ከአንድ ፈረስና ውኃ ከሚቀዳ አንድ ግመል በቀር መሬትም፣ ገንዘብም፣ ሌላም ነገር እንዳልነበራቸው ራሳቸው አስማእ ተናግረዋል። ፈረሱን የሚቀልቡት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ሊጡን የሚያቦኩት እሳቸው ነበሩ። እንጀራ መጋገሩን አይችሉበትም ነበርና የአንሷር ጎረቤቶቻቸው ይጋግሩላቸው ነበር። (መካዊት ሙሽራ መዲና ገብታ ዳቦ በጎረቤት ማስጋገሯን ሳነብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።)

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዙበይር አንድ መሬት ሰጧቸው። ከቤታቸው የፈርሰኽ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይርቃል፤ ሸክም ይዞ ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ነው። አስማእ ከዚያ የተምር ፍሬ በራሳቸው ተሸክመው ለከብት ቀለብ ያመጡ ነበር። አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዎች ጋር ሆነው መንገድ ላይ አገኟቸውና ሊያፈናጥጧቸው ግመላቸውን አንበረከኩ። አስማእ ግን አፈሩ፤ የባላቸውንም ቅናት አሰቡ። ቤት ገብተው ሲነግሯቸው ዙበይር ከነቢዩ ጋር ከመሳፈራቸው ይልቅ ያንን የተምር ፍሬ መሸከማቸው እንደሚከብዳቸው ገለጹ። የኋላው ሀብት መነሻ ይህ ነው፤ አንድ ቁራሽ መሬትና አንዲት ሚስት በራሷ የተሸከመችው ቀለብ። ሚስቶቻችሁ ያለፉበትን የምትረሱ ነጋዴዎች ካላችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት።

መሬት ያለው ሰው ጎረቤት አለው፣ ጎረቤት ካለም የውኃ ጠብ አለ። ዙበይርም ከአንድ አንሷሪ ጋር በሐራ የመስኖ ውኃ ተጣሉ። ውኃው መጀመሪያ በዙበይር እርሻ በኩል ያልፋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ እንዲለቁለት ይፈልጋል። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲቀርብ መጀመሪያ የፈረዱት ለሁለቱም የሚያለዝብ ነበር፤ ዙበይር እርሻቸውን አጠጥተው ወዲያው ለጎረቤታቸው ይልቀቁለት። ሰውየው ግን የአክስትዎ ልጅ ስለሆነ ነው ብሎ ፍርዱን አጣጣለ። ያኔ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዙበይርን ሐቅ በሙሉ ፈረዱላቸው፤ ውኃው የእርሻው ድንበር እስኪደርስ ድረስ እንዲይዙት። ዑለማዎች ከዚህ ብዙ ሕግ አውጥተዋል። እኔ የምወስደው ግን አንድ ነገር ነው። መሬት ስትገዙ አፈሩን ብቻ አይደለም የምትገዙት፤ የውኃውን፣ የመንገዱንና የጎረቤቱን ሐቅም አብራችሁ ትገዛላችሁ።

ዓመታት አለፉ። ዙበይር በሁሉም ዘመቻ ነበሩ፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር፣ ከዚያም በአቡበክር፣ በዑመርና በዑስማን ዘመን። ግብፅ ሲከፈት የባቢሎንን ምሽግ ግንብ በመሰላል የወጡ እሳቸው ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ) በ644 ሲሞቱ ቀጣዩን ኸሊፋ እንዲመርጡ ከተሰየሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ዐብደላህ ስለ አባታቸው ሀብት ሲናገሩ ግን አንድ ነገር ለይተው ይገልጻሉ፤ አባታቸው የአገረ ገዥነት ሥልጣን ይዘው፣ ግብር ሰብሳቢም ሆነው አያውቁም። ልጅ ስለ አባቱ ንብረት ሲናገር ይህን ማስቀደሙ ያለ ነገር አይደለም። ሀብቱ ከየት መጣ ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ከሥልጣን አይደለም።

ዙበይር ያገኙትን በመሬትና በቤት ላይ አዋሉት። መዲና ውስጥ ዐሥራ አንድ ቤት፣ በበስራ ሁለት፣ በኩፋ አንድ፣ በግብፅም አንድ ቤት ነበራቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጋባ የሚባለው ከመዲና ወጣ ያለ ሰፊ መሬት ነው። በ170,000 ገዙት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዙበይር የታመኑ ሰው ነበሩና ሰዎች ገንዘባቸውን እያመጡ አደራ ሊያስቀምጡ ይሻሉ። በሞታቸው ጊዜ ልጆቻቸውንና ንብረታቸውን ለእሳቸው የተናዘዙ ሶሓቦችም ነበሩ፤ ዙበይር የየቲሞቹን ገንዘብ ሳይነኩ ከራሳቸው ኪስ ያስተዳድሯቸው እንደነበር ይወራል። ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን ሰው ግን ዙበይር በአደራ አልቀበልም ይሉት ነበር። በብድር ከሆነ ግን ይቀበላሉ። ምክንያታቸው ገንዘቡ እንዳይጠፋበት መስጋታቸው ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ ለሚመስለው ሰው ትንሽ ላብራራ። ወዲዓ ማለት አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው በገንዘቡ መሥራት አይችልም፤ እንዳለ ያስቀምጠዋል። በሌላ በኩል ግን ያለ ጥፋቱ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢወስደው አይጠየቅም። ቀርድ ማለት ደግሞ ብድር ነው። ብድር የወሰደ ሰው ገንዘቡ የራሱ ይሆናል፣ ይነግድበታል፤ ነገር ግን ቢሰረቅም፣ ቢቃጠልም፣ ቢከስርም ያንኑ ያህል መመለስ ግዴታው ነው። ዙበይር ታዲያ ቀላሉን ትተው ከባዱን መረጡ። ሰውየው ገንዘቡ ተረጋግጦ እንዲቀመጥለት፣ እሳቸውም ቢሠሩበት ትርፉ ሐላል እንዲሆንላቸው። በሸሪዓ ትርፍ የሚገባው ኃላፊነት ለተሸከመ ነው። ኪሳራውን የማይሸከም ሰው ትርፉን መጠየቅ አይችልም። ገንዘብ ያስቀመጡትም ሰዎች የሚያገኙት የሰጡትን ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ዲርሃም አይጨመርበትም፤ ቢጨመርበት ሪባ ነውና።

ዛሬ በአገራችን ከወለድ ነፃ ባንክ የሚሠራው የወዲዓ ሒሳብ መሠረቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ባንኩ በደንበኛው ፈቃድ ይሠራበታል፣ ዋናውን ግን ተጠያቂ ሆኖ ይመልሳል። ሙዷረባ የሚባለው ሌላ ነው፤ እዚያ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፣ ነጋዴው ካላጠፋና ውሉን ካልጣሰ የዋናው ገንዘብ ኪሳራ ግን በባለ ገንዘቡ ላይ ነው። የሚያስቸግረኝ ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ የሚፈልገው ነው። ዋናው አይነካብኝ፣ በየወሩ ደግሞ ይህን ያህል ትርፍ ቁረጥልኝ ይላል። ይህ ወዲዓም አይደለም፣ ሙዷረባም አይደለም። ስሙን ከላይ ጠቅሼዋለሁ።

አንድ ጊዜ ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። አንዲት እህት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ለአራት ዓመት ያጠራቀመችውን ለቅርብ ዘመዷ ትልካለች። እሱም ሚኒባስ ገዛበት፤ ሚኒባሱ ተገለበጠ። እሷ ስትመጣ ገንዘቧን ጠየቀች፣ እሱ አደራ ነበር፣ በአላህ ቀደር ጠፋ አለ። ገንዘቡ ሲላክ ምን ተባብላችሁ ነበር ብለን ሁለቱንም ጠየቅን። ምንም አልተባባሉም! ያዝልኝ ብላለች፣ እሺ ብሏል፤ ሌላ ቃል የለም። አደራ ከሆነ ያለ ፈቃዷ ስለሠራበት ይከፍላል፤ ብድር ከሆነም ይከፍላል፤ ሙዷረባ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የእሷ ነበር፤ ነገር ግን ሙዷረባ መሆኑን ማን ተናገረ? ይክፈል ብለን ጨረስን። ከፊሉን ማረችው፣ ከፊሉን በትንሽ በትንሹ ሰጣት። ለዒድ ግን እስከ ዛሬ አይጠያየቁም። ዙበይር ቤታቸው ደጃፍ ላይ የሚናገሯት ያቺ አንዲት ቃል ብትኖር ኖሮ ያ ቤት አይበተንም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን የዙበይር መንገድ ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም። በብድር የተቀበሉት እየበዛ ሄደ፣ በእጃቸው ያለው ደግሞ ሁሉም መሬትና ቤት ነው። ሲሞቱ አንድ ዲናር ወይም አንድ ዲርሃም ጥሬ ገንዘብ አልተዉም። መሬት ደግሞ በአንድ ሌሊት አይሸጥም።

በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ656 እ.ኤ.አ.፣ የጀመል ፊትና ደረሰ። ስለዚያ ቀን ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሶሓቦች በተጋጩበት ነገር ምላስን መያዝ የቀደምቶቻችን አደብ ነው። ዙበይር በዚያ ዕለት ልጃቸውን ዐብደላህን ጠርተው አጠገባቸው አቆሟቸው። ተበድለው እንደሚገደሉ እንደሚገምቱ ነገሯቸው። ከጦርነቱ ይልቅ ያስጨነቃቸው ግን ዕዳቸው ነበር። ዕዳው ተከፍሎ ከንብረቱ የሚተርፍ ይኖር እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቁ፤ ንብረቱን ሸጦ እንዲከፍልም አዘዙ። ከዚያም ወሲያቸውን ተናገሩ። ሲሶውን ለወሲያ አደረጉ፣ የሲሶውንም ሲሶ ለዐብደላህ ልጆች። የልጅ ልጆች አባታቸው በሕይወት እያለ ከአያታቸው አይወርሱምና ይህ ትክክለኛ ቦታው ነው። ከዐብደላህ ልጆች አንዳንዶቹ በዕድሜ ከዙበይር ትንንሽ ልጆች ጋር እኩያ ነበሩ።

ዕዳውን መክፈል ካቃተህ በጌታዬ ታገዝ ሲሏቸው ዐብደላህ አልገባቸውም ነበር። ጌታቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አላህ መሆኑን ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ዐብደላህ በዕዳው በተጨነቁ ቁጥር የዙበይርን ጌታ እየለመኑ መንገዱ ይከፈትላቸው እንደነበር መስክረዋል።

ዙበይር ጦርነቱን ትተው ሲመለሱ ዋዲ አስ ሲባዕ በተባለ ቦታ ኢብን ጁርሙዝ የተባለ ሰው ገደላቸው።

ዐብደላህ ዕዳውን ቁጭ ብለው ቆጠሩ። 2,200,000 ሆነ። ሐኪም ኢብን ሒዛም፣ የዙበይር የአጎት ልጅ፣ አገኟቸውና የወንድሜ ዕዳ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ዐብደላህ ሸሸጉ፤ 100,000 ብቻ ነው አሉ። (ሁለት ሚሊዮን ውስጥ መቶ ሺህ አለና ሐሰት አልተናገሩም ይላሉ ዑለማዎች።) ሐኪም ያንን እንኳ ንብረታችሁ አይችለውም ብለው ፈሩ። ዐብደላህ እውነተኛውን ቁጥር ሲያነሱባቸው ከአቅማችሁ በላይ ነው አሉና፣ ቢያቅታችሁ ጥሩኝ ብለው ለመርዳት ቃል ገቡ። ንብረቱን የሚያውቅ ዘመድ እንኳ ጋባ ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችል አልገመተም።

ጋባ የተሸጠው 1,600,000 ነው። በ170,000 የተገዛ መሬት! ዐብደላህ በዐሥራ ስድስት ድርሻ ከፈሉት፣ እያንዳንዱ ድርሻ 100,000 ተገመተ። ከዚያ ዙበይር ላይ ሐቅ ያለው ሁሉ ጋባ ላይ እንዲመጣ አስነገሩ። ከመጡት መካከል ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር ነበሩ። እኚህ ሰው የጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና የአስማእ ቢንት ዑመይስ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም እዚሁ በሐበሻ በስደቱ ዘመን ነው። ዙበይር ላይ 400,000 ነበራቸው። ከፈለጋችሁ ልተውላችሁ አሉ። የዙበይር ልጅ እምቢ አሉ። እንግዲያው ወደ ኋላ አቆዩኝ አሉ። አሁንም እምቢ። በመጨረሻ ከመሬቱ እንዲቆረጥላቸው ጠየቁ፣ ዐብደላህም ከዚህ እስከዚያ ብለው ለኩላቸው። የቀረው አራት ድርሻ ተኩል ሙዓዊያ ዘንድ ሦስቱ ለየሰዉ በ100,000፣ አንድ ተኩሉ ለራሳቸው ለሙዓዊያ በ150,000 ተሸጠ። ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር ድርሻቸውን ቆይተው በ600,000 ለሙዓዊያ ሸጡ። ልብ በሉ፤ ለዓመታት የቆየው ብድራቸው አንዲት ዲርሃም አልወለደላቸውም። መሬቱ ግን 200,000 አተረፈላቸው። የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ሪባ ይሆን ነበር፣ ሁለተኛው ግን መሸጥና መግዛት ነው።

ዕዳው ሲያልቅ የዙበይር ልጆች ውርሳችንን አካፍለን አሉ። ዘጠኝ ወንድና ዘጠኝ ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ መጠየቃቸው አያስወቅስም። ዐብደላህ ግን አልተስማሙም። በአራት የሐጅ ወቅት፣ ሰው ከየአገሩ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ ዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ እያሉ እስኪያስነግሩ ድረስ ምንም እንደማይካፈል ወሰኑ። ከግብፅ፣ ከበስራ፣ ከኩፋ የመጣ አበዳሪ ሊኖር ይችላልና። እኛ ዘንድ ሟች ሳይቀበር ስለ ቤቱ ካርታ የሚነሳበት ቤት አለ። በቁርኣን የውርስ ድርሻ ሁሉ ከተናዘዙት ወይም ከዕዳ በኋላ ተብሎ ነው የተቀመጠው፤ ዕዳው ካልታወቀ ድርሻው ከምን ላይ ነው የሚወጣው?

ከቤቶቻቸው መካከል ዙበይር ለሰደቃ ያዋሏቸው ነበሩ። በእነዚህ ቤቶች ላይ ያስቀመጡት አንድ ሁኔታ ሴት ልጅ ላላችሁ ይጠቅማል። ከልጆቻቸው ከባሏ የተፋታች በቤቱ መኖር ትችላለች፤ ቤቱን ሳትጎዳ፣ እሷንም የሚጎዳት ሳይኖር። እንደገና ካገባችና ከተብቃቃች ግን መብቱ ይቀራል። ልጃቸው አንድ ቀን ከነሻንጣዋ ልትመለስ እንደምትችል ቀድሞ አስቦ ጣሪያ ያዘጋጀ አባት ስንት አለ?

አራቱ ዓመታት ሲያልቁ ዐብደላህ አካፈሉ። ሲሶው ለወሲያ ወጣ። ዙበይር ሲሞቱ አራት ሚስቶች ነበሯቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 1,200,000 ደረሳቸው። በዘገባው መጨረሻ የሀብቱ ድምር 50,200,000 ተብሎ ተቀምጧል።

ይህን ስንቀራ ሸኻችን አላሳለፉንም። ሰሌዳችሁን አውጡና አስሉ አሉን። አራቱ ሚስቶች በጋራ 4,800,000 ወሰዱ። ልጆች ስላሉ የሚስቶች ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፣ ስለዚህ ለወራሾች የተከፋፈለው 38,400,000 ነው። ይህ ከሲሶው ወሲያ በኋላ የቀረው ነውና ከወሲያው ጋር 57,600,000 ይሆናል። ዕዳው 2,200,000 ሲደመር 59,800,000። ዘገባው ግን 50,200,000 ይላል። እኛ ተማሪዎቹ ስሌቱን ደጋግመን ሠራን፣ የተሳሳትን መስሎን። አልተሳሳትንም። ሸኻችንም የኢብን ሐጀርን ሸርሕ ገልጠው ዑለማዎች ከሰጧቸው ማብራሪያዎች ውስጥ የመረጡትን አነበቡልን። 50,200,000 የሆነው ሀብቱ ዙበይር በሞቱ ቀን የነበረው ነው። የበለጠው 9,600,000 ደግሞ ዐብደላህ ሐጅ ላይ እያስነገሩ በቆዩባቸው አራት ዓመታት መሬቱና ቤቱ ያፈሩት ነው።